ለጅማው የጣልያን ምግብ ቤት ስንት ወይን፣ ስንት ኮክቴል ይበቃል?

የቀረበው ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንድ የቆየ ቤት ተከራይቼ የጣልያን ምግብ ቤት ልከፍት ነው። አርባ ሰው ያስተናግዳል። በፒዛው፣ በላዛኛውና በፓስታው አልሰጋም፤ እንቅልፍ የነሳኝ መጠጡ ነው። አዲስ አበባ ሄጄ ያየሁት ሜኑ ላይ ስልሳ ዓይነት ወይንና ሠላሳ ዓይነት ኮክቴል ተደርድሯል። እኔ ያለኝ አንድ ባንኮኒ፣ ሁለት ፍሪጅና መጠጥ ቀላቅሎ የማያውቅ አንድ ትጉህ ልጅ ነው። ከእንግዶቼም ግማሽ ያህሉ አልኮል የማይቀምሱ ናቸው። ከየት ልጀምር? ምን ምን ልግዛ?»

እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ሃያ ሁለት ዓመት ከባንኮኒ ጀርባ ቆሜያለሁ፤ አብዛኛውን አዲስ አበባ፣ የቅርቦቹን ዓመታት ደግሞ እዚሁ ጅማ አስተናጋጆችን በማሠልጠን። የምነግርሽ እዚህ ከተማ ላይ የሠራውንና ያልሠራውን ነው።

በመጀመሪያ ያንን የስልሳ ወይን ሜኑ እርሺው። አርባ ወንበር ላለው ቤት ስድስት ወይን፣ ስድስት ኮክቴልና ቢያንስ ያንኑ ያህል አልኮል አልባ መጠጥ ይበቃል። ይህን የምለው ገንዘብሽ እንዳይታሰር ብቻ ብዬ አይደለም። የተከፈተ ጠርሙስ ቀን ይቆጠርበታል። ስልሳ ዓይነት ደርድሮ ከእያንዳንዱ በሳምንት ሁለት ብርጭቆ የሚሸጥ ቤት፣ ለሦስተኛው እንግዳ የሚቀዳለት ወደ ኮምጣጤነት የሄደ ወይን ነው።

የጣልያን የመጠጥ ዝርዝር የሚደራጀው በማዕዱ ሰዓት ነው። ከምግብ በፊት አፔሪቲቮ አለ። ቃሉ «መክፈት» ከሚለው የላቲን ግስ የመጣ ነው፤ እኛም «የምግብ ፍላጎት ይከፍታል» እንላለንና ነገሩ ባዕድ አይሆንብሽም። መረር፣ ቀዝቀዝ፣ ቀለል ያለ መጠጥ ነው፤ ሆድ አይሞላም። ከምግቡ ጋር ወይን አለ። ከምግብ በኋላ ደግሞ ዲጄስቲቮ የሚሉት፣ በትንሽ ብርጭቆ የሚቀርብ ጠንካራ ወይም ጣፋጭ መጠጥ፣ እና ቡና አለ። ሜኑሽን በእነዚህ ሦስት ሰዓቶች ከፍለሽ ጻፊው። እንግዳው «ምን ይሻለኛል?» ሲል አስተናጋጇ «ምግቡ እስኪደርስ ነው ወይስ ከምግቡ ጋር?» ብላ ትጠይቀው። ከሥራው ግማሹ በዚያች ጥያቄ ያልቃል።

ከአፔሪቲቮው ልጀምር፤ የጣልያን ኮክቴል የሚባለው አብዛኛው የሚውለው እዚህ ነው። አምስት ጠርሙስ ግዢ፦ ካምፓሪ (መራራ ቀይ መጠጥ)፣ ቀይ ጣፋጭ ቨርሙዝ (ዕፅዋት የተዘፈዘፉበት ወይን)፣ አፔሮል (ከካምፓሪ ቀለል ያለ መራራ መጠጥ)፣ ጂንና ፕሮሴኮ (አረፋ ያለው የጣልያን ወይን)። ልጁን የምታስተምሪው እንደ ቤተሰብ አድርገሽ ነው። ካምፓሪና ቨርሙዝ እኩል በእኩል በረዶ ላይ ሲቀዱ ሚላኖ ቶሪኖ ይባላል፤ ካምፓሪው የሚላኖ፣ ቨርሙዙ የቶሪኖ መጠጥ ስለሆነ ነው። በዚያ ላይ ሶዳ ስትጨምሪበት አሜሪካኖ ይሆናል። ሶዳውን ትተሽ ጂን ካስገባሽ ኔግሮኒ ነው። በጂኑ ፈንታ ፕሮሴኮ ከሆነ ስባልያቶ ይሉታል፤ «የተሳሳተ» ማለት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ሚላኖ ባር ባሶ ውስጥ አንድ ባርማን ጂን ሊያነሳ ፕሮሴኮ አንስቶ ቀድቶ ነው ይባላል። አንዱን የያዘ ልጅ አራቱን ያዘ ማለት ነው። አምስተኛው ስፕሪትስ፣ ስድስተኛው ቤሊኒ ናቸው፤ እመለስባቸዋለሁ።

ኔግሮኒን ጠጋ ብለሽ እዪው። በተለምዶ የሚነገረው እ.ኤ.አ. በ1919 ፍሎሬንስ ውስጥ ካሚሎ ኔግሮኒ የተባሉ ባላባት አሜሪካኗቸውን ጠንከር አድርጎ በጂን እንዲሠራላቸው ባርማኑን ሲጠይቁ የተጀመረ መሆኑ ነው። ልኩ 30 ሚሊ ሊትር ጂን፣ 30 ካምፓሪ፣ 30 ቨርሙዝ ነው። በሼከር፣ መጠጥ በሚናጥበት ባለ ክዳን ዕቃ ማለቴ ነው፣ አይመታም። ወፍራምና አጠር ያለ ብርጭቆ በትልልቅ በረዶ ትሞያለሽ፣ ሦስቱን ትቀጃለሽ፣ በረጅም ማንኪያ ከሃያ እስከ ሠላሳ ጊዜ ቀስ ብለሽ ታዞሪዋለሽ። የብርጭቆው ውጪ ላብ ሲያወጣ ደርሷል። ከዚያ ብርቱካኑ ይመጣል። የኛ ብርቱካን ቅርፊቱ አረንጓዴ ስለሆነ ብዙ ልጆች ያፍሩበታል፣ ቢጫውን ከውጭ ካልመጣ ይላሉ። አትስሚያቸው። አረንጓዴ የሆነው ሌሊቱ ብዙ ስለማይበርድ ነው፤ ዘይቱ ቅርፊቱ ውስጥ አለ። በደንብ ታጥቦ የደረቀ ብርቱካን ያዢ፣ አውራ ጣት የምታህል ቅርፊት ነጩን ሳትነኪ በስለት ላጪ፣ የውጪውን ገጽ ወደ ብርጭቆው አዙረሽ በሁለት ጣት ጭመቂው። በመስኮቱ ብርሃን አንጻር ካየሽው እንደ ጉም የሚረጭ ነገር ይታይሻል። እንግዳው ብርጭቆውን ሲያነሳ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። ያቺ ቅርፊት የሌለችበት ኔግሮኒ ለእኔ ግማሽ ነው።

ለኔግሮኒ ውድ ጂን አትግዢ። ካምፓሪው የጂኑን ጥቃቅን ጣዕም ስለሚሸፍነው የአገር ውስጥ ደረቅ ጂን ይበቃል። የተረፈሽን ገንዘብ ቨርሙዙ ላይ አውዪው፤ አንድ ነገር እንድትይዥልኝም እለምንሻለሁ፦ ቨርሙዝ ወይን ነው። አልኮሉ ከ16 እስከ 18 በመቶ ገደማ የሚሆን፣ ዕፅዋት የተዘፈዘፉበት ወይን ነው እንጂ እንደ ውስኪ መደርደሪያ ላይ ዓመት የሚቆም መጠጥ አይደለም። በሥራ ዘመኔ የገባሁባቸው አብዛኞቹ ባሮች የተከፈተ ቨርሙዝ ከውስኪው ጎን፣ አምፖሉ ሥር፣ አቧራ ለብሶ ሲቆም አይቻለሁ። እንግዳው ጠጥቶ «ኔግሮኒ መጥፎ መጠጥ ነው» ብሎ ይሄዳል። ጥፋቱ የኔግሮኒ አይደለም። በተከፈተበት ቀን ማርከር አንስተሽ ቀኑን ጠርሙሱ ላይ ጻፊ፣ ፍሪጅ አስገቢ፣ በአንድ ወር ጨርሺው። ካልጨረስሽው ለማብሰያ ስጪው፤ ስለ ማብሰያው ግን ከታች የምለው አለኝ።

ስፕሪትስ ደግሞ ለጅማ የተሠራ ይመስለኛል። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሚጠጣ ነገር ነው። ልኩ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ነው፦ 90 ሚሊ ሊትር ፕሮሴኮ፣ 60 አፔሮል፣ 30 ሶዳ፣ ሰፊ ብርጭቆ ውስጥ በብዙ በረዶ፣ ከአንድ ግማሽ ክብ ብርቱካን ጋር። አፔሮል እ.ኤ.አ. በ1919 ፓዶቫ ውስጥ የወጣ ሲሆን አልኮሉ 11 በመቶ ብቻ ነው። ሜኑው ላይ ስትጽፊው ግን ተጠንቀቂ፤ ጅማ ውስጥ «ስፕሪስ» ያለሽ ሰው የሚጠብቀው አቮካዶና ማንጎ የተደራረበ ጁስ ወይም ሻይ በቡና ነው። ድምፁ ተቀራራቢ ነውና «አፔሮል ስፕሪትስ፣ አልኮል ያለው» ብለሽ በግልጽ ጻፊ። አንድ አዛውንት ሐጂ ስፕሪስ ብለው አዝዘው ይህ ቢቀርብላቸው የሚፈጠረውን ድንጋጤ አስቢው። ቀላል ስህተት አይደለም።

ስለ ሶዳው፣ ብዙዎች አምቦ ውሃ ይጠቀማሉ። በአሜሪካኖ ላይ ያምራል፣ ማዕድኑ ከካምፓሪው ምሬት ጋር ይስማማል። በስፕሪትስ ላይ ግን ጨው ጨው የሚል ጣዕም ስለሚተው ተራ ሶዳ ውሃ ይሻለኛል።

ፕሮሴኮ የሚሠራው ግሌራ ከሚባል የወይን ዘለላ ነው፣ አገሩ ሰሜን ምሥራቅ ጣልያን። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች የውጪው አየር ግፊት ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ያነሰ ነው፤ ያልቀዘቀዘ ፕሮሴኮ እዚህ ስትከፍቺ ሩቡ ወለል ላይ ይቀራል። ከ6 እስከ 8 ዲግሪ ድረስ አቀዝቅዢው። ቡሹን አጥብቀሽ ያዢ፣ ጠርሙሱን አዘንብለሽ ከሥሩ አዙሪው፤ የሚዞረው ጠርሙሱ እንጂ ቡሹ አይደለም። «ጧ» የሚል ድምፅ ለሠርግ ነው፤ ምግብ ቤት ውስጥ ትንፋሽ ያህል ከተሰማ በቂ ነው። ትልቁ ችግር ከተከፈተ በኋላ አረፋው በማግሥቱ መሞቱ ነው። ከአንድ ጠርሙስ ስምንት ስፕሪትስ ይወጣል። እንግዲህ ማክሰኞ ማታ ለአንድ ሰው ከፍተሽ ሰባቱን ልትደፊ ነው? የእኔ ምክር ስፕሪትስ፣ ስባልያቶና ቤሊኒ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ማታ ብቻ እንዲቀርቡ ነው። በሌሎቹ ቀናት አሜሪካኖ ይተካቸዋል። ሜኑው ላይ ይህን ብትጽፊ ማንም አይቀየምሽም፤ እንዲያውም ሰዉ ሐሙስን ይጠብቃል።

ቤሊኒን ጁዜፔ ቺፕሪያኒ ቬኒስ ሃሪስ ባር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1948 የጀመሩት በነጭ ኮክ ጭማቂ ነው። ነጭ ኮክ እዚህ አትፈልጊ። በወቅቱ ማንጎ፣ በሌላ ጊዜ ዘይቱና ተጠቀሚ፤ በወንፊት ተጣርቶ፣ በጣም ቀዝቅዞ፣ አንድ እጅ ፍሬ በሁለት እጅ ፕሮሴኮ። ስሙን ግን «የማንጎ ቤሊኒ» በይው፤ እንግዳ የሚጠጣውን ነገር በስሙ ማወቅ አለበት።

በረዶውን ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ እኔ ግን የባንኮኒ ሥራ ግማሹ በረዶ ነው እላለሁ። የተጣራና የፈላ ውሃ ተጠቀሚ፣ በትልልቁ አቀዝቅዢው፣ ሥጋና ዓሣ ካለበት ፍሪዘር ለይው። በረዶ ሽታ ይስባል፤ የዓሣ ሽታ ያለው ኔግሮኒ ቀምሼ አውቃለሁ። መብራት የሚጠፋበት ቀን አይታወቅምና ጠዋት የተሠራውን በረዶ በአይስ ቦክስ አድርገሽ አኑሪ። በረዶ ካለቀ ደግሞ ኮክቴል አይሸጥ፣ ወይን ይሸጥ። በግማሽ የቀለጠ ሁለት ፍሬ በረዶ የተሠራ ኮክቴል ለብ ያለ መድኃኒት ይመስላል።

ወደ ወይኑ እንሂድ። የምትሸጪው ምግብ አብዛኛው ቲማቲም ስጎ ያለበት ነው። ቲማቲም ኮምጣጣ ስለሆነ ወይኑም የራሱ ኮምጣጣነት ከሌለው አፍ ውስጥ ውሃ ውሃ ይላል። ጣልያኖች ለዚህ ሳንጆቬዜ የሚባለውን የወይን ዓይነት ይዘዋል፤ ኪያንቲ የሚሠራው ቢያንስ 70 በመቶ ከእሱ ነው። አንገቱ ላይ ጥቁር አውራ ዶሮ ያለበት ኪያንቲ ክላሲኮ ደግሞ ቢያንስ 80 በመቶ፣ በፍሎሬንስና በሲየና መካከል ካለው ከጥንቱ ኮረብታ የሚመጣ ነው። እንግዲህ አንድ ኪያንቲ ያዢ። ሁለተኛው ቀይ ሞንቴፑልቻኖ ዳብሩትሶ ይሁን፤ ክብ፣ ለስላሳ፣ ለላዛኛና ለፒዛ የሚመች፣ ዋጋውም የማያስፈራ። ስሙ ያሳስታል፦ ቪኖ ኖቢሌ ዲ ሞንቴፑልቻኖ የሚባል ሌላ ወይን አለ፣ እሱ ከቶስካና ከተማ ሲሆን የሚሠራው ከሳንጆቬዜ ነው። ነጋዴው ሁለቱን በአንድ ዋጋ ሊሸጥልሽ ከሞከረ ሁለቱን ስም አንብቢ። ሦስተኛው ፒኖ ግሪጆ፣ ነጭ፣ ለዓሣና ለጾም ፓስታ፤ ከግልገል ጊቤ የሚመጣውን ቆሮሶ በሎሚና በነጭ ሽንኩርት ብትጠብሺው አብረው ያምራሉ። ፕሮሴኮው አራተኛ ነው፤ ለኮክቴሉ ገዝተሽዋልና።

ባሮሎ ልያዝ ወይ ብለሽ እንዳታስቢ። ትልቅ ወይን ነው፣ ለገበያ ከመውጣቱ በፊት ቢያንስ 38 ወር ይቆያል፣ ዋጋውም ያንን ይናገራል። ለመጀመሪያው ዓመት አያስፈልግሽም።

ጠርሙሱ ላይ ዲ.ኦ.ሲ. ወይም ዲ.ኦ.ሲ.ጂ. የሚል ታያለሽ። ጣልያን እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጣችው ሕግ የተጀመረ የቦታና የአሠራር ዋስትና ነው፤ ዲ.ኦ.ሲ.ጂ. የሆነው አንገቱ ላይ ቁጥር ያለው ጠባብ ወረቀት ተለጥፎበታል። ያ ወረቀት ወይኑ ከየት መጣ የሚለውን ይመልሳል። እንዴት ተጓጓዘ የሚለውን አይመልስም፤ የእኛ ጣጣ ያለው ደግሞ እዚያ ላይ ነው።

አንድ ጊዜ ሁለት ካርቶን ኪያንቲ ከአዲስ አበባ አስጭኜ ነበር። ሾፌሩ ካርቶኖቹን አይሱዙው ጀርባ፣ ሸራው ሥር አድርጎ ጠዋት ተነሥቶ ጊቤ በረሃን እኩለ ቀን ላይ አለፈ፤ ወልቂጤ ላይ ምሳ ሲበላም መኪናው ፀሐይ ላይ ቆሞ ነበር። ጅማ ደርሶ ካርቶኑን ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት የቡሹን መሸፈኛ ነው። አናቱ እንደ ትንሽ ጉብታ ብቅ ብሏል፣ ከሥሩም ጣት የሚያጣብቅ ቀይ ነገር ወርዷል። ወይኑ ሞቆ ተስፋፍቶ ቡሹን ገፍቶታል። ስቀምሰው የተቀቀለ ዘቢብ ነበር። ከአሥራ ሁለቱ ዘጠኙን ለስጎ ሰጠሁ። ከዚያ ወዲህ ጠርሙስ ስቀበል በጣቴ አናቱን ሳልዳብስ ፋቱራ አልፈርምም፤ አንቺም አትፈርሚ። መኪናው ጊቤን ማታ ወይም ንጋት ላይ እንዲያልፍ ተስማሚ፣ ካርቶኑ ጥላ ውስጥ ይሁን፣ ጅማ ከደረሰ በኋላም ሳምንት አሳርፈሽ ሽጪው።

ማስቀመጫው ላይም ብዙ ቤት ይሳሳታል። ወይን ከቡና ማሽኑ በላይ አይቀመጥም፤ ሲሞቅ ሲበርድ ይውላል። ቤትሽ የድሮ ወፍራም ግንብ ካለው፣ ፈረንጅ አራዳ ካሉት አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ እንዳላቸው፣ ፀሐይ የማይነካውን ጓዳ ለወይን ስጪው። የቡሽ ጠርሙስ ይጋደም፣ ባለ ብረት ክዳኑ ቢቆምም ግድ የለም። «ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ነው» የሚለውን አባባል ደግሞ እዚህ እንዳለ አትውሰጂው። የተባለው ለአውሮፓ ቀዝቃዛ ቤት ነው፣ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ማለት ነው። ጅማ በበጋ ቀን ከ25 ዲግሪ ስታልፍ ቀይ ወይን አልኮሉ ብቻ ይሸታል። ከመቅረቡ በፊት ሃያ ደቂቃ ፍሪጅ ይግባ። ነጩን ከ8 እስከ 10 ዲግሪ አድርጊው።

አምስተኛውና ስድስተኛው ወይን የአገራችን ይሁኑ። የጣልያን ምግብ ቤት የኢትዮጵያ ወይን ሲያቀርብ የሚያፍር ሰው አጋጥሞኛል፤ እኔ ግን ከዚህ የበለጠ ጣልያናዊ ነገር የለም ባይ ነኝ። ጣልያን ውስጥ እያንዳንዱ አውራጃ የራሱን ወይን ነው የሚጠጣው፤ የፒዬሞንቴ ሰው ኔቢዮሎውን ትቶ የሲሲሊያ ወይን አያሳድድም። ዝዋይ ላይ ከሚመረተው የካስትል ወይን ሪፍት ቫሊ ሜርሎ ለላዛኛና ለጥብስ ይሆናል። አካሲያ ለስላሳው፣ ከፊል ጣፋጩ ማለቴ ነው፣ ደግሞ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። የጅማ እንግዳሽ ፓስታው ላይ ሚጥሚጣ ወይም ቃሪያ ይጠይቃል፤ መጠየቁም አይቀርም። የሚያቃጥል ምግብ ላይ ደረቅና አልኮሉ ከፍ ያለ ቀይ ወይን ቃጠሎውን ያባብሰዋል። ትንሽ ጣፋጭነት ያለው ቀዝቃዛ ወይን ያበርደዋል። ጠጅ የለመደ አፍም መጀመሪያ የሚቀበለው እሱን ነው። ጉደርም ለብዙ ዓመት የጠጣነው ነው፤ አባቶች ሲጠይቁሽ ቢገኝ ጥሩ ነው።

የአገር ውስጡን በብርጭቆ፣ የጣልያኑን በጠርሙስ ሽጪ። ጠርሙሱ 750 ሚሊ ሊትር ነው፤ በ150 ከቀዳሽ አምስት ብርጭቆ ይወጣል። ቢያንስ ሁለቱ ብርጭቆ የጠርሙሱን ዋጋ እንዲመልሱ አድርገሽ ተምኚ፤ ምክንያቱም አምስተኛው ሁልጊዜ አይሸጥም። የተከፈተ ቀይ ቡሹ ተመልሶበት ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ቀን ይቆያል፤ በአራተኛው ቀን ወደ እንግዳ አይቅረብ።

ወይኑ ላይ ኮካ ወይም ስፕራይት የሚጠይቅ እንግዳ ይመጣል፤ ቱርቦ፣ ወይን ከቢራና ከለስላሳ ጋር ተደባልቆ፣ የሚጠይቅም አለ። ስጡት። ገንዘቡ የራሱ ነው፣ አፉም የራሱ ነው። የሚጎዳሽ የአስተናጋጇ ፊት መጥቆር ነው። ሳትታዘበው «ትንሽ ለስላሳ ወይን አለን፣ ላቅምስዎት?» ብላ አንድ ጉንጭ አካሲያ ብታቀርብለት ሁለት ሦስት ጊዜ ሲመጣ ኮካውን ራሱ ይተወዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ አንቺም በጥያቄሽ መጨረሻ ላይ አነሣሽው። ከእንግዶችሽ ግማሹ አይጠጣም። ሙስሊሙ፣ ፕሮቴስታንቱ፣ ጾመኛው፣ ሾፌሩ፣ ነፍሰ ጡሯ። እነዚህ ሰዎች ለልደት፣ ለምርቃት፣ ለኒካህ ማግሥት ግብዣ ይመጣሉ፤ አብዛኛው ቤት ደግሞ የሚሰጣቸው ለስላሳ በጠርሙስ ነው። ጎናቸው ያለው ሰው በሚያምር ብርጭቆ ቀይ መጠጥ በብርቱካን ተሸልሞ ይቀርብለታል፤ ለእነሱ ጠርሙስና የፕላስቲክ ስትሮ። የአልኮል አልባው ገጽ የሜኑሽ የመጀመሪያ ገጽ ይሁን።

ሁለት መጠጥ ልስጥሽ። ከርከዴ በጣም አወፍረሽ አፍዪ፣ ሲወርድ የብርቱካን ቅርፊትና ትንሽ ዝንጅብል ጣይበት፣ ቀዝቅዞ ይጣራ። 60 ሚሊ ሊትር ከርከዴ፣ 30 ብርቱካን ጭማቂ፣ 90 ሶዳ በብዙ በረዶ። ቀለሙ የካምፓሪ ነው፣ ኮምጠጥና መረር ይላል፣ ከምግብ በፊት የሚገባውን ሥራ ይሠራል። ሁለተኛው ለእኔ የዚህ ቤት ፊርማ ሊሆን የሚገባው ነው፦ ሻኬራቶ። ጣልያኖች በበጋ የሚጠጡት ነው፤ ድርብ ኤስፕሬሶ ከስኳርና ከትልልቅ በረዶ ጋር በሼከር ተመትቶ፣ በረዶው ተጣርቶ፣ በረጅም እግር ብርጭቆ ይቀርባል። አናቱ ላይ ጣት የሚሞላ ቡናማ አረፋ ይቆማል። በስኳሩ ፈንታ የጅማ ማር አድርጊበት። ማሩ እንዳለ ከበረዶ ጋር ስለሚደርቅ አስቀድመሽ እኩል በእኩል በሞቀ ውሃ በጥብጪው፤ ሁለት ሦስት ኮረሪማ ተፈልፍሎና ተወቅጦ ሌሊቱን ይደርበት፣ ጠዋት ይጣራ። ለአንድ ብርጭቆ 15 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ቡናው ከማና ወይም ከጎማ ወረዳ ገበሬ ይሁን፤ በዚያው ሳምንት የተቆላ። አልኮል የለውም፣ ግን ከየትኛውም ኮክቴል እኩል ቆሞ ይቀርባል።

ወጥ ቤቱን ደግሞ ዛሬውኑ አነጋግሪው። የጣልያን አሠራር የሥጋ ስጎ ላይ ወይን ያፈሳል፣ ሪዞቶ ላይ ያፈሳል፣ ቲራሚሱ ላይ ማርሳላ የሚባለውን የሲሲሊያ ወይን ወይም ሮም ያደርጋል። «ሲፈላ ይተናል» የሚል ምግብ አብሳይ ካለሽ አትቀበዪው። ሁሉም አይተንም፤ ቢተንም ለሙስሊም እንግዳ ነገሩ የመጠን ጉዳይ አይደለም፣ የአደራ ጉዳይ ነው። ስጎው ያለ ወይን፣ በሥጋ መረቅና በትንሽ ሎሚ ይሠራ፤ ከፈለግሽ ወይን ያለበትን ለብቻው በሌላ ስም ሜኑው ላይ ጻፊው። ለአልኮል አልባው መጠጥ የተለየ ሼከር፣ የተለየ ማጣሪያ፣ የተለየ ማንኪያ ይኑር፤ እጀታቸው ላይ አረንጓዴ ፕላስተር ጠቅልይበት፣ ልጁ በሩጫ ሰዓት እንዳይሳሳት።

ከምግብ በኋላ ስላለው አጭር ልበል። አንድ አማሮ (መራራ የዕፅዋት መጠጥ)፣ አንድ ሊሞንቼሎ (ጣፋጭ የሎሚ ቅርፊት መጠጥ) ይበቃሉ። ኤስፕሬሶ ላይ ጥቂት ግራፓ፣ ከተጨመቀ ወይን ቅሪት የሚወጣውን የጣልያን አረቄ፣ ጠብ ማድረግ ኮሬቶ ይባላል፤ ግራፓ ካላገኘሽ ተዪው። ሊሞንቼሎን ከሰፈር አረቄ ዘፍዝፈሽ ለመሸጥ ግን እንዳታስቢ፤ ያልተመረመረ አረቄ ውስጥ ያለውን አታውቂውም፣ የሰው ዓይንና ሕይወት ነው።

ስለ ልክ ደግሞ ልጁ አንድ ሒሳብ ይወቅ። ካምፓሪውን በ25 በመቶ ብናስበው አንድ ኔግሮኒ ውስጥ 24 ሚሊ ሊትር ያህል ንጹሕ አልኮል አለ፤ አንድ ብርጭቆ ወይን ውስጥ 19 ወይም 20፣ አንድ ስፕሪትስ ውስጥ 16 ወይም 17። ትንሽ የምትመስለው ብርጭቆ ትልቋ ናት ማለት ነው። ሁለት ኔግሮኒ የጠጣ ሰው ቁልፉን ሲያነሳ ባጃጅ ይጠራለት፣ ሦስተኛው አይቀዳለት። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል፤ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ነውና መታወቂያ መጠየቅ ልማድ ይሁን።

ልጁ መጠጥ ቀላቅሎ አለማወቁ አያስፈራሽ፤ ያልተበላሸ እጅ ነው። ከመክፈትሽ በፊት አንድ ሳምንት ስጪው፣ በውሃ ብቻ ይሥራ። ባዶ የካምፓሪ ጠርሙስ ውሃ ሙይለት፣ ባለ 30 ሚሊ ሊትር መለኪያ ስጪው፣ በቀን ሃምሳ ጊዜ እስከ አፉ ሞልቶ ሳይፈስ ብርጭቆ ውስጥ ይድፋ። መጀመሪያ ጠረጴዛው ይረጥባል። በአራተኛው ቀን ጨርቁ ደርቆ ሲውል የአምስቱን ጠርሙስ ገንዘብ አውጪ።